ለእንግዳ የተለቀቀ ፏፏቴ

ይህን የምጽፈው ጮቄ ተራራ ሥር ሄደው ለማያውቁና ለመሄድም ሐሳብ ለሌላቸው ሰዎች ነው። ሐሳቡ ያላችሁ ካላችሁ አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትተዉት ደስ ይለኛል። አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ እንጀራውን የሚበላ ሰው እንዲህ ብሎ ሲጽፍ ግራ እንደሚያጋባ አውቃለሁ። ምክንያቱን እየሄድን እነግራችኋለሁ።

የሥራዬ ስም ከደመወዜ ይረዝማል፤ የዘላቂ ቱሪዝምና የመዳረሻ ልማት አማካሪ ነኝ። በተግባር ሲታይ ሰው አገር ሄጄ የአገሩን ሰው አገሩን እንዴት እንደሚያሳይ አስተምራለሁ። ሚሊኒየሙን ካከበርን ወዲህ ደግሞ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የማያወራ ሰው ሥራ ፈት ይመስላል። ስለዚህ አለቃዬ ጠራኝና "ደብረ ማርቆስ ሄደህ ስለ አየር ንብረት ለውጥ አሰልጥን፤ በዚያውም አንድ አዲስ መዳረሻ አሳያችኋለሁ የሚል ሰው አለ፣ ለጎብኚ ይሆናል አይሆንም ብለህ ና" አለኝ። ወሩ የካቲት፣ ጾሙም ሁዳዴ ነበር።

ሰኞ

ከቤት የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃችን ደግሞ ሰኞ ነበር። ባለቤቴ ጀሪካኖቹን ኮሪደሩ ላይ ደርድራ "ውሃ የሚመጣበትን ቀን እየጠበቅህ መንገድ የምትወጣው ለምንድን ነው?" ስትለኝ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ በሩ ላይ ደርሻለሁ። ስለ ውሃ አያያዝ ላስተምር ነው የምሄደው ብላት ምን እንደምትመልስልኝ ስለማውቅ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

አውቶቡሱ እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ጨዋ ነበር። ዓባይ በረሃ ሲገባ ግን ፍሬኑ መሽተት ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ ዳዊታቸውን አወጡ፤ ረዳቱ ደግሞ "አይዟችሁ፣ ሁልጊዜም ይሸታል" ብሎ አጽናናን። ከድልድዩ ማዶ ዳገቱን እንደተያያዝነው ሞተሩ ፈላና ሁላችንም ወረድን። የያዝነውን የመጠጥ ውሃ በሙሉ ሞተሩ ጠጣው። ቄሱ ኮዳቸውን ሲሰጡት ረዳቱ "አባ፣ ጠበል ነው እንዴ?" ቢላቸው "ለዚህስ ሞተር ጠበልም ሲያንሰው ነው" አሉ።

ደጀን ላይ በያይነቱ በላሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በያይነቱ ማለት ሽሮ፣ ሌላ ሽሮና አንድ ቃሪያ ከሆነ ቆይቷል፤ ደጀን ግን ከወጡ ብዛት እንጀራው አይታይም። አስተናጋጇ ደጋግማ እየመጣች "ምነው፣ አሞዎታል?" ትለኛለች። እኔ እኮ የምበላው ለሦስት ሰው ነበር።

ደብረ ማርቆስ አመሻሽ ላይ ስንገባ ብርዱ ተቀበለን። ከተማው ሁሉ ጋቢ ለብሷል፤ ጋቢ ያልለበስነው እኔና ባጃጆቹ ነን። ሆቴሉ አዲስ፣ እንግዳ የምትቀበለው ልጅም ትሑት ናት።

"ሙቅ ውሃ አለ?" አልኳት።

"ማሞቂያው አለ።"

"ውሃውስ?"

"ውሃው ነው የሌለው" አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። ግማሽ ባልዲ በእጇ ይዛ መጣች። ባለቤቴን ያስቀየምኩበት ፈረቃ ከኋላዬ ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ።

ማክሰኞ

ፊቴን በአንድ ኩባያ ታጥቤ ስለ ውሃ እጥረት አሰለጠንኩ። አዳራሹ ውስጥ የተሰቀለው ጨርቅ "መዳረሻዎችን ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ማላመድ" ይላል። ሰልጣኙ ሁሉ ከፊቱ በመኪና ተጭኖ የመጣ የታሸገ ውሃ ተደርድሮለታል። ዝናብ ጊዜውን ሲያዛባ፣ ምንጭ ሲደርቅ የጎብኚ መዳረሻ ምን ማድረግ እንዳለበት እስክደክም ተናገርኩ። ጥያቄ ያለው ካለ ብዬ ስጋብዝ አንድ ሰው እጁን አወጣና ሻይ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ።

አዲሱን መዳረሻ አሳያለሁ ያለው ሰው ያገኘኝ እዚያው ሻይ ላይ ነው። አቶ ደምሰው ይባላል፤ የወረዳው የቱሪዝም ባለሙያ ነው። ሹራቡ ላይ ክራባት አስሮ፣ ከደረት ኪሱ ፎቶ አወጣና እንደ ልጁ ፎቶ አሳየኝ። ነጭ ፏፏቴ ከጥቁር ገደል ላይ ይወረወራል፤ ዙሪያው ለምለም ነው።

"ዕንቁ ፏፏቴ ይባላል።"

"ስሙን ማን አወጣለት?"

"እኔ ነኛ! ሕዝቡማ ገደሉ ነው የሚለው፤ ያ ደግሞ ለገበያ አይሆንም።"

ፎቶው ላይ የቆሙት ሰዎች የዝናብ ላስቲክ ለብሰዋል። "ይህ የነሐሴ ፎቶ ነው፤ አሁንስ ይወርዳል?" አልኩት።

"ይወርዳል!" አለ። ሄዶ ያላየ ሰው ብቻ በሚመልስበት ፍጥነት ነበር የመለሰልኝ።

ረቡዕ

በወረዳው መኪና ወደ ጮቄ አቅጣጫ ወጣን። መንገዱን መንገድ ያልኩት ደምሰውን ላለማስቀየም ነው። መኪናው ሲዘል ጭንቅላቴ ጣሪያውን፣ ሲያርፍ ደግሞ ጥርሴ ምላሴን ያገኘዋል። እኛ ሰፈር የቀበሌው መንገድ ተቆፍሮ ቀርቷል ብዬ አቤቱታ የፈረምኩበትን ቀን አስቤ አፈርኩ።

"ይሄ መንገድ ክረምት ይሠራል?" ብዬ ሾፌሩን ጠየቅሁት። ሳቀ። በኋላ እንደነገረኝ ዝናቡ ከያዘ ወዲያ እስከ መስቀል በቅሎም አይደፍረውም። እንግዲህ ፏፏቴው ሲኖር መንገዱ የለም፤ መንገዱ ሲኖር ደግሞ ፏፏቴው መኖሩን የሚያውቀው ደምሰው ብቻ ነው። ዞር ብዬ "ይወርዳል አላልከኝም?" ብለው "ይወርዳል" አለ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሳ።

ያደርነው ወይዘሮ የሺእመቤት ቤት ነው፤ አገሩ ሁሉ እትዬ የሺ ይላቸዋል። ሃምሳን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ገና እንደገባሁ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፉልኝና ሙቅ ውሃ በገበቴ ይዘው እግሬን ሊያጥቡ ተንበረከኩ።

"ኧረ በእግዜር፣ እኔ እታጠባለሁ!"

"እኔ ቤት እግሩ አቧራ ለብሶ የሚያድር እንግዳ የለም። አርፈው ይቀመጡ!"

በገበቴው ውስጥ የነበረው ውሃ ሆቴሉ ከሰጠኝ ይበልጣል። እግሬን አድርቀው ሲጨርሱ እርስዎ ማለቱን ተዉና ልጄ፣ አንተ አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ሆንኩ። እራቱ የድንች ወጥ፣ ቅቅል ድንች ከአዋዜ ጋር፣ ከዚያ ደግሞ "ይሄን አልቀመስክም" ተብሎ የተጨመረ ሌላ ድንች ነበር። አዲስ አበባ በኪሎ የምንለምነውን እዚህ በግዴታ አጎረሱኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳቸውን አሳይተውኝ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ያለች ቁራጭ መሬት ናት። ድንቹ አበባ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ግን ጫፍ ጫፉን ተጠቅልሏል።

"ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ በላብን" አሉኝ። "ዝናቡም ሳይሰናበት ነው የሄደ። ፊት ይሄ ጅረት ፋሲካን ይሻገር ነበር፤ አሁን ጥምቀት ሲያልፍ ክንድ አታክልም። ከገደሉ በላይ ጠልፈን በቦይ ማሳችንን በተራ እናጠጣለን። እስከ አዲሱ ገብስ የምበላው ይችኑ ድንች ነው።"

"ተራውን ማን ይጠብቃል?"

"አያ ታከለ። የውሃ አባታችን ናቸው፤ ቦዩን የሚከፍት የሚዘጋ እሳቸው ናቸው። በእሳቸው ተራ አይቀለድም።" ጎንበስ ብለው አንዱን ቅጠል እንደ ሕፃን ጆሮ ዳሰሱት። "ነገ የእኔ ተራ ነው። አይዞሽ፣ ነገ ትጠጫለሽ" አሉት፤ ለድንቹ ነው።

ሲመሻሽ ደምሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር ግቢው ውስጥ ቆሞ በሹክሹክታ ሲነጋገር አየሁ። እትዬ የሺን ጠሯቸው፤ ሄዱ፣ አዳመጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ድንች ጨመሩልኝ።

ሐሙስ

ወደ ፏፏቴው ስንወጣ ግማሹ መንደር ተከተለን። ፍራሽ የተሸከመ፣ ምሳ የተሸከመ፣ የጠላ እንስራ ያዘለ አለ። ሽርሽር የወጣሁት እኔ ልሁን እነሱ መለየት ያስቸግራል። ደረስንና ፍራሹ ከአንድ ኮሶ ዛፍ ሥር ተነጠፈልኝ፤ ፊቴንም ወደ ገደሉ አዙረው አስቀመጡኝ።

ገደሉ ድርቅ ብሏል። ድሮ ውሃ የወረደበት ቦታ ላይ ጥቁር መስመር አለ፤ መስመሩ ላይ አንድ ፍየል ቆማለች። ደምሰው ሰዓቱን አየ። "ትንሽ ይዘገያል" አለ። አውቶቡስ ሲዘገይ አይቻለሁ፤ ፏፏቴ ሲዘገይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ለአለቃዬ የምነግረውን ቀልድ እያዘጋጀሁ ሳለ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ።

መጀመሪያ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ደረቅ ቅጠል፣ ፍግ፣ አንድ እግር ፕላስቲክ ጫማ ተወረወረ፤ ፍየሏ አምልጣለች። ከዚያ አቧራ የመሰለ ውሃ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ እየጠራ ሄዶ ነጭ ሆነ። ነፋሱ መሐል ላይ ይዞ ይበትነዋል፤ ፀሐይዋ ስታገኘው ቀስተ ደመና ሠራ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም፣ ያ ሁሉ ምላስ የነበረኝ ሰውዬ፣ ተነሥቼ አጨበጨብኩ።

ሰው ፏፏቴ አይቶ የሚጠግብበት ልክ አለው። እኔ ብዙም ሳልቆይ ጠግቤ ነበር። ግን እንዴት ልነሣ? ፍራሽ ተሸክመው መጥተዋል፤ ምሳው ቀርቧል፤ ሽማግሌዎቹ ውሃውን ሳይሆን እኔን ነው የሚያዩት። አሁን ብነሣ ናቀን ይሉኛል። ስለዚህ ተቀመጥኩ። "ግሩም ነው" ስል ይስቃሉ፣ ጠላ ይቀዱልኛል፤ ሲቀዱልኝ ደግሞ አሁን ተነሥቶ መሄድ ነውር ነው እልና እንደገና ግሩም ነው እላለሁ። እትዬ የሺ ከአጠገቤ ተቀምጠው አንዴ ፀሐይዋን፣ አንዴ እኔን እያዩ ፈገግ ይላሉ። የጾም መፍቻ ሰዓት የሚጠብቁ መስሎኝ "በርቱ" አልኳቸው።

ከብቶቹ ወደ ቤት መመለስ ሲጀምሩ ከዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉና ወደ ላይ ተጣሩ። ላይኛው ሸንተረር ላይ አንድ ሰው መለሰላቸው። ውሃው ቀጠነ፣ ክር ሆነ፣ ቀረ።

"ምነው ቆመ?" አልኩ።

"ተራው አለቀ" አሉ ሽማግሌው። አያ ታከለ እሳቸው ነበሩ።

"የማን ተራ?"

ደምሰው የጫማውን ክር ማሰር ያዘ። እትዬ የሺ የጠላውን ብርጭቆ በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ፤ የተወለወለ ብርጭቆ ነበር። ያኔ ገባኝ።

"እትዬ የሺ፣ የእርስዎ ተራ ነው? ድንቹስ?"

"እና እንግዳ መጥቶ ደረቅ ገደል አሳይተን እንስደደው?" አሉ፣ ተቆጥተው።

"ቶሎ ተነሣ አይሉኝም ነበር?"

"እንግዳ እያየ ውሃ ይዘጋል?"

"እኔ እኮ የተቀመጥኩት እናንተ እንዳትቀየሙ ብዬ ነው!"

አያ ታከለ አንዴ ጮክ ብለው ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። "እኛ ደግሞ አንተ እስክትነሣ" አሉ።

ያን ሁሉ ሰዓት እኔ በይሉኝታ ሳይ፣ እነሱ በይሉኝታ ሲያሳዩኝ፣ የአንዲት ሴት የዓመት ቀለብ ገደል ገባ። የአየር ንብረት ለውጥ ያስተረፈውን ውሃ ጨዋነታችን ጨረሰው። እኛ ሰፈር በፈረቃችን ቀን ከቧንቧችን አንድ ጀሪካን የቀዳ ጎረቤት ነበረን፤ ባለቤቴ ከመስቀል እስከ ፋሲካ አላናገረችውም። ደምሰው ግን ስንወርድ ክንዴን ይዞ "አየህልኝ አይደል?" አለኝ። "ለእያንዳንዱ ቡድን እንዲሁ እንለቃለን። ቀድመው በስልክ ብቻ ይንገሩን።"

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አያ ታከለን ከበረታቸው ደጃፍ አገኘኋቸው።

"ነገ ተራው የማን ነው?"

"የኔ።"

"እንግዲያውስ አያ ታከለ፣ እባክዎን..."

"የተሰጠ ተራ አይመለስም" አሉ። "ዛሬ ለእሷ ብመልስ ነገ ሁሉም ለወደደው ሰጥቶ መልስልኝ ይለኛል። የእኔን ልስጥሽ ብላትም አትቀበለኝም፤ ለእንግዳዬ ሰጠሁ ብላ አፍ አውጥታ ተናግራለች። ሌላ ተራ እስኪደርሳት ድንቹ አይጠብቃትም፤ አውቃለሁ። እንዳላወቅሁ አታድርገኝ።"

"ምንም መንገድ የለም?"

"እንግዳው ባይቀበለው ኖሮ ነው። ያልተቀበሉት ስጦታ ለባለቤቱ ይመለሳል። አንተ ግን ስታጨበጭብ ነው የዋልከው።" ካሉኝ በኋላ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ወደ ላሞቻቸው ገቡ።

ዓርብ

ቁርስ ድንች ነበር። እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም። ደጃፉ ላይ እትዬ የሺ ለባለቤቴ ብለው የሞሉት የድንች ከረጢት ቆሟል። ሊሸኙኝ ሰዎቹ ተሰብስበዋል፤ አያ ታከለ ዶማቸውን ተደግፈው ከዳር ቆመዋል። ምርቃቱ ካለቀ በኋላ አንድ ሽማግሌ የጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

"እንግዲህ ልጄ፣ ፏፏቴያችን እንዴት ሆነልህ?"

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ቤት የበላሁትን ጨው የበዛበት ወጥ ሁሉ አሞግሻለሁ። የቀዘቀዘ ሻይ አመስግኜ ጠጥቻለሁ።

"እውነቱን ልንገራችሁ?" አልኩ። "አልወደድኩትም።"

ደምሰው ክራባቱን ያዘ።

"ቅጥነቱ የቧንቧ ውሃ ያህላል። ትናንት ግሩም ነው ያልኩት እንዳላሳፍራችሁ ብዬ ነው። ለዚህ ብሎ ከአዲስ አበባ ይህን መንገድ የሚመጣ እብድ የለም፤ ቢመጣም እንዳታሳዩት። ለእኔም ባታሳዩኝ ይሻል ነበር። እንዳላየሁት ቁጠሩት።"

አንዷ ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። እትዬ የሺን ላለማየት ብዙ ታገልኩ፤ ግን አየኋቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ንዴት ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። አፍረዋል። ለእኔ ብለው ያላቸውን ሰጥተው፣ የሰጡት ሳያምር በመቅረቱ አፍረዋል።

አያ ታከለ ዶማቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱ።

"ሰማችሁ? እንግዳው አልተቀበለም" አሉ። "ያልተቀበሉት ስጦታ ደግሞ አልተሰጠም። የየሺ ተራ እንዳለ ነው፤ ዛሬ ትጠጣለች። የኔ ከእሷ በኋላ ይሁን። ቅር የሚለው አለ?"

ቅር የሚለው አልነበረም። ሰው ሁሉ ቅር ያለው በእኔ ነበር። አያ ታከለ ቦዩን ሊከፍቱ ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ፤ ቀና ብለውም አላዩኝም። ትከሻዬን ብቻ በመዳፋቸው ጠበቅ አድርገው ነክተው ሄዱ።

ደምሰው መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው። እትዬ የሺ አካፋቸውን አንሥተው ወደ ማሳው ሲሄዱ ተከተልኳቸው። ምን ልል እንደነበር እኔም አላውቅም። ዞር ብለው "በሰላም ይግቡ" አሉኝ። እርስዎ ሆኜ ተመለስኩ። ከረጢቱ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ፤ መኪናው ላይ የጫነው ሰው የለም።

መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ወደ ኋላ ዞር አልኩ። ውሃው ከቦዩ ወጥቶ ወደ ማሳቸው ሲገባ ያብለጨልጫል። እሳቸው ባዶ እግራቸውን ጭቃው ውስጥ ቆመው፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ በአካፋ አንዱን ትልም ዘግተው ሌላውን ይከፍታሉ።

ደምሰው እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ አላናገረኝም። አለቃዬ "ይሆናል አይሆንም?" ሲለኝ "አይሆንም" አልኩት፤ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ለናንተ የነገርኳችሁን አልነገርኩትም፤ አያምርም አልኩት። ባለቤቴ "ከጎጃም ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አንተን አየሁ፤ ድንች እንኳ አልሰጡህም?" አለችኝ። "አልሰጡኝም" አልኳት። ጀሪካኖቹን ራሷ ስለሞላቻቸው ክርክሩን አላራዘምኩም።

እንግዲህ እናንተ የማትሄዱት ስሙኝ። ነፋሱ መሐል ላይ ሲበትነው፣ ቀስተ ደመናው ገደሉ ላይ ሲያርፍ ያየሁት ያ ፏፏቴ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ያምር ነበር። እትዬ የሺ ይህን ቢሰሙልኝ ምን ያህል ደስ ባለኝ። ድንቻቸው ተነቅሎ እስኪያልቅ ድረስ አትንገሯቸው ልላችሁ ነበር፤ ግን ያ ሲያልቅ ሌላ ይተከላል።